መልሱን በምን እናረጋግጥ? ተቃራኒ ስሌት፣ ግምት፣ ዘጠኝን መጣል ወይስ ደግሞ መሥራት

ከ4,003 ላይ 1,678 ቀንሶ 3,675 የጻፈ ልጅ «አረጋግጥ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ያንኑ ቅነሳ እንደገና መሥራት ነው። ከ3 ላይ 8 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ8 ላይ 3 ያነሣል፤ ከ0 ላይ 7 አልነሣ ሲለው ዳግም ይገለብጣል፤ ያው 3,675 ይመጣል። ሁለት ጊዜ አንድ መልስ ስላገኘ ልቡ ይረጋል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄም ያልፋል። ልጁ አልሰነፈም፤ የተባለውን አድርጓል። ጉድለቱ የማረጋገጫው ምርጫ ላይ ነው።

ይህ ንጽጽር ልጆቻቸውን ማታ ማታ ለሚያስጠኑ ወላጆች፣ እንዲሁም ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለክልላዊ ፈተና ለሚያዘጋጁ መምህራን ነው። የሚወዳደሩት መንገዶች አራት ናቸው፦ በተቃራኒ ስሌት መመለስ፣ በግምት መመዘን፣ ዘጠኝን መጣል፣ ቅደም ተከተሉን ቀይሮ ደግሞ መሥራት። ሁሉንም የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማረጋገጫው መልሱ ከመጣበት መንገድ ምን ያህል ይርቃል? በመጣበት መንገድ የሚመለስ ማረጋገጫ ስህተቱንም አብሮ ይዞ ይመለሳል።

ለመቀነስና ለማካፈል ተቃራኒ ስሌት

መደመር መቀነስን ይፈታል፤ ማባዛት ማካፈልን ይፈታል። ከላይ ያነሣነው ልጅ ባገኘው መልስ ላይ ተቀናሹን ቢደምር 3,675 + 1,678 = 5,353 ያገኝ ነበር። መነሻው 4,003 ስለሆነ ስህተቱ በግማሽ ደቂቃ ይጋለጣል። ትክክለኛው መልስ 2,325 ነው፤ 2,325 + 1,678 = 4,003 ሆኖ ይገጥማል።

ለመቀነስና ለማካፈል ይህን መንገድ የምንመርጥበት ዋናው ምክንያት ከከባዱ ስሌት ወደ ቀላሉ ስለሚወስድ ነው። ከዜሮ መበደር የሚያስቸግረው ልጅ ሲደምር 1 በእጁ መያዝ ብዙም አይከብደውም። ረጅም ማካፈል ላይ የሚንገዳገድም ማባዛቱን ብዙ ጊዜ ይወጣዋል። መንገዱ ሌላ ስለሆነ ያው ስህተት ሊደገም የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው።

ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ የተረፈው ወይም የጎደለው መጠን ራሱ ይናገራል። በዚያው ጥያቄ ሌላ ልጅ 2,435 አገኘ እንበል። ሲደመር 2,435 + 1,678 = 4,113 ይሆናል፤ ከመነሻው በ110 ይበልጣል። 110 ማለት አንድ መቶና አንድ አስር ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ በመቶ ቤትና በአስር ቤት ላይ፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ነው። ተመልሰን ስናይ በእርግጥም ሁለቱ ዜሮዎች ተበድረው 10 ከሆኑ በኋላ በቀኛቸው ላለው ቤት 1 አበድረው 9 መሆን ሲገባቸው 10 ሆነው ቀርተዋል። ልጁ የሠራው 10 − 7 = 3 እና 10 − 6 = 4 ነው፤ መሥራት የነበረበት 9 − 7 = 2 እና 9 − 6 = 3። መልሱን በቀይ ከመሰረዝ ይልቅ ይህን 110 አሳዩት፤ የት እንደሳተ ራሱ ያገኘዋል። ከሌሎቹ ሦስት መንገዶች አንዳቸውም የስህተቱን ቦታ በዚህ ያህል ግልጽነት አያሳዩም።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ልጆች ማረጋገጫውን ሲሠሩ መነሻውን ቁጥር እያዩ ነው። 4,003 መምጣት እንዳለበት ስለሚያውቁ እጃቸው ሳያውቁት ወደዚያ ያዘነብላል፤ 5 + 8 ደምረው 13 ሆኖ ሳለ «3 ነው መሆን ያለበት» ብለው የሚጽፉና በእጅ የያዙትን የሚረሱ ብዙ ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መነሻውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ይሸፍኑትና ደምረው ሲጨርሱ ይግለጡት። ሁለተኛው፣ መነሻውን የሚያመሳክሩት ደብተራቸው ላይ ከገለበጡት ቁጥር ጋር ነው። ሲገለብጡ 4,003ን 4,030 ብለው ከሆነ ማረጋገጫው ይገጥማል፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ማመሳከር ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ወይም ከፈተናው ወረቀት ጋር ይሁን።

በማካፈል ላይ ቀመሩ አካፋይ × ድርሻ + ቀሪ = ተካፋይ ነው። 7,524 ÷ 36 ሲሠራ በብዛት የሚታየው ስህተት በድርሻው መሐል ያለውን ዜሮ መዝለል ነው። 75 ለ36 ሲካፈል 2 ደርሶ 3 ይቀራል፤ 2 ሲወርድ 32 ይሆናል፤ 32 ለ36 አይበቃም። እዚህ ላይ ድርሻው ላይ 0 መጻፍ ሲገባ ልጁ ዝም ብሎ 4ን ያወርድና 324 ለ36፣ 9 ይላል። መልሱ 209 መሆኑ ቀርቶ 29 ሆነ። ሲባዛ 36 × 29 = 1,044 ነው፤ 7,524 የት፣ 1,044 የት። 36 × 209 ግን 7,200 + 324 ሆኖ ልክ ይገጥማል።

ቀሪ ባለበት ጥያቄ ግን ተቃራኒ ስሌት ብቻውን አይበቃም። 268 ተማሪዎች ከደሴ ወደ ሐይቅ ለጉብኝት ሊሄዱ ነው፤ አንዱ መኪና 24 ሰው ይይዛል፤ ስንት መኪና ያስፈልጋል? 268 ÷ 24 ድርሻው 11፣ ቀሪው 4 ነው። 24 × 11 + 4 = 268፤ ገጠመ። ሌላ ልጅ ድርሻው 10፣ ቀሪው 28 ቢል 24 × 10 + 28ም 268 ነው፤ እሱም ገጠመ! ስለዚህ ከማባዛቱ ጎን ሁልጊዜ «ቀሪው ከአካፋዩ ያንሳል ወይ?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይኑር። ያም አልፎ የጥያቄው መልስ 11 አይደለም፤ አራቱ ልጆች መንገድ ላይ ስለማይቀሩ 12 መኪና ነው። ይህን የሚያየው ስሌቱን ትቶ ጥያቄውን እንደገና ያነበበ ብቻ ነው።

ለማባዛት ሌላ መንገድ ይሻላል

መጻሕፍት «ማባዛትን በማካፈል አረጋግጥ» ይላሉ። አንዱ አባዢ ባለ አንድ አሃዝ ከሆነ እንስማማለን፦ 347 × 6 = 2,082ን ለማረጋገጥ 2,082 ÷ 6 መሥራት ቀላል ነው። 347 × 26ን በማካፈል ማረጋገጥ ግን ከቀላሉ ወደ ከባዱ መውጣት ነው። ልጁ ማካፈሉ ላይ ይሳሳትና ትክክለኛውን 9,022 ይሰርዘዋል። ማረጋገጫ ትክክለኛ መልስ ካስሰረዘ ከነጭራሹ ባይሠራ ይሻል ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቱ ብዜት ቁጥሩን በሌላ መልክ ከፍሎ መሥራትን እናስቀድማለን። 26 ማለት 25 እና 1 ነው። 25 የ100 ሩብ ስለሆነ 347 × 100 = 34,700 ለ4 ሲካፈል 8,675፤ ይህ የ25ቱ ብዜት ነው፤ አንድ 347 ሲጨመርበት 9,022። በመጀመሪያው አሠራር ከተጻፉት መካከለኛ ቁጥሮች፣ ከ2,082 እና ከ6,940፣ አንዱም እዚህ ስላልገባ ስህተታቸው ወደዚህ አይሻገርም። ይህ ለሚከብደው ተማሪ የግምትና የዘጠኝ ጥምረት ይበቃዋል፤ ለምን ሁለቱ አብረው መሆን እንዳለባቸው ቀጥለን እናያለን።

ግምትና ዘጠኝን መጣል፦ አንዱ የሚስተውን ሌላው ያያል

ግምት ማለት ቁጥሮቹን አጠጋግቶ በአእምሮ መሥራት ነው። 347ን 350፣ 26ን 25 ብንል 8,750 ገደማ እንጠብቃለን። አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረጋችንን ልብ በሉ። ሁለቱንም ከፍ አድርገን 350 × 30 ብንል 10,500 ይመጣና ከእውነተኛው ይርቃል።

ዘጠኝን መጣል የቆየ ዘዴ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የአረብ የሂሳብ ሊቃውንት ይጠቀሙበት ነበር። አሠራሩ የቁጥሩን አሃዞች መደመር፣ ድምሩ ከ9 ሲበልጥ እንደገና መደመር ነው፤ 9 ሲመጣ 0 ይባላል። 347፦ 3 + 4 + 7 = 14፣ 1 + 4 = 5። 26፦ 8። 5 × 8 = 40፣ 4። መልሱ 9,022ም 9ኙን ጥለን 0 + 2 + 2 = 4። ገጠመ። የሚሠራበት ምክንያት 10፣ 100፣ 1,000 ሁሉም ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚቀራቸው ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቁጥር የ9 ቀሪና የአሃዞቹ ድምር የ9 ቀሪ አንድ ናቸው። በመቀነስ ጊዜ ከትንሹ ትልቁ አልቀነስ ካለ 9 ጨምሮ መቀነስ ነው።

አሁን ሁለቱን በሁለት የተለመዱ ስህተቶች እንፈትናቸው። የመጀመሪያው፣ በ26 ውስጥ ያለው 2 ሃያ መሆኑን ረስቶ 694ን ከ2,082 ሥር ቀኝ ለቀኝ አሰልፎ መደመር ነው፤ መልሱ 2,776 ይሆናል። ግምት ወዲያው ይጥለዋል፤ 8,750 ጠብቀን 2,776 አንቀበልም። ዘጠኝ ግን ያሳልፈዋል፦ 2 + 7 + 7 + 6 = 22፣ 4። ምክንያቱም 694 እና 6,940 የአሃዝ ድምራቸው አንድ ነው፤ ዜሮ በዚህ ዘዴ ዓይን አትታይም። ቅድም ያየነው 29 እና 209ም በዘጠኝ ሚዛን እኩል ናቸው። ሁለተኛው ስህተት፣ 347ን በ6 ሲያባዙ ከ42 ላይ በእጅ የተያዘውን 4 መርሳት ነው። 2,042 ይመጣና የመጨረሻው መልስ 8,982 ይሆናል። ግምት ይህን አያየውም፤ ለ8,750 እንዲያውም ከትክክለኛው ይልቅ ይቀርባል። ዘጠኝ ግን ይይዘዋል፦ 8 + 9 + 8 + 2 = 27፣ ማለትም 0፤ መምጣት የነበረበት 4 ነው።

ግምት የቤት ዋጋ ስህተትን፣ ዘጠኝ የአሃዝ ስህተትን ይይዛሉ። ለየብቻ ሁለቱም ወንፊት ናቸው፤ ተደራርበው ግን ጥሩ ያጠላሉ። ሁለቱንም በአንድነት ሊያልፍ የሚችለው አሃዝ ማቀያየር ነው። 9,022 ብሎ አግኝቶ ወደ መልስ ወረቀቱ ሲገለብጥ 9,202 ቢጽፍ ልዩነቱ 180 ነው፤ 180 ለ9 ስለሚካፈል ዘጠኝ ዝም ይላል፤ ግምትም ዝም ይላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ የ9 ብዜት ነው። ይህን በተገላቢጦሽ ልንጠቀምበት እንችላለን፦ ማረጋገጫ ሳይገጥም ልዩነቱ ለ9 ልክ ከተካፈለ ከሁሉ በፊት አሃዝ መቀያየሩን ፈልጉ።

ዘጠኝን መጣል ከ4ኛ ክፍል በታች ለሆኑ ልጆች አናስተምርም። ለምን እንደሚሠራ ሳይገባቸው እንደ ድግምት ይይዙትና «ገጠመ» ባላቸው ቁጥር ያምኑታል። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው 3,675 ራሱ በዘጠኝ ቢመዘን ያልፋል፦ 4,003 ቀሪው 7፣ 1,678 ቀሪው 4፣ 7 − 4 = 3፤ 3,675ም 3 + 6 + 7 + 5 = 21፣ 3። በአንድ ስህተት ላይ ዘጠኝ ሲያሳልፍ መደመር የያዘው እዚህ ነው። በዘፈቀደ ከሚመጡ ስህተቶች ከዘጠኙ አንዱ ያህል በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል።

ለትንንሾቹ 15 ፍሬ ባቄላ ይበቃል። 7 ለብቻ፣ 8 ለብቻ አድርጉላቸው፤ 7 + 8 = 15፣ 8 + 7 = 15፣ 15 − 7 = 8፣ 15 − 8 = 7። አራቱም አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን በእጃቸው ነክተው ካወቁ፣ በኋላ ተቃራኒ ስሌት አዲስ ትምህርት አይሆንባቸውም።

ድምሩ ረጅም ሲሆን

ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው አምስት ዕቃ ገዝቶ የከፈለውን ብር ጻፈ እንበል፦ 385፣ 1,240፣ 76፣ 529፣ 98። ድምሩ 2,328 ነው። ይህን በተቃራኒ ስሌት ማረጋገጥ አራት ጊዜ መቀነስ ይጠይቃል፤ አራት የመሳሳት ዕድል ነው። እዚህ ላይ ከታች ወደ ላይ መደመር ይሻላል፦ 98 + 529 = 627፣ 703፣ 1,943፣ 2,328። በመንገድ ላይ ያገኘናቸው ቁጥሮች ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለዩ ስለሆኑ ደግሞ መሥራት እዚህ ብቻ እንደ እውነተኛ ማረጋገጫ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን አያይም፦ ሲሰለፍ የተሳሳተ ቁጥር። 76 በአንድ ቤት ፈንታ ከአስር ቤት ጀምሮ ተጽፎ እንደ 760 ከተደመረ ድምሩ 3,012 ይሆናል፤ ከላይም ከታችም ቢደመር ያው 3,012። የዋጋው ዝርዝር ሌላ ቦታ ተደምሮ ልዩነቱ 684 መሆኑ ከታወቀ ግን መፍትሔው ቅርብ ነው። 684 ÷ 9 = 76፤ አንድ ቤት የተንሸራተተው ቁጥር ራሱን ይናገራል። በሱቅ መዝገብም በደብተርም ላይ የሚሠራ ዘዴ ነው።

ተቃራኒ ስሌት ራሱ ሲታለል

በዚህ ንጽጽር ውስጥ መምህራን አጥብቀው እንዲይዙልን የምንፈልገው ይህን ክፍል ነው። 3/4 + 2/5 ስንት ነው? ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት የሚደምር ልጅ 5/9 ይላል። «በመቀነስ አረጋግጥ» ሲባል በዚያው ልማዱ ላዕል ከላዕል 5 − 2 = 3፣ ታህት ከታህት 9 − 5 = 4 ያደርግና 3/4 ያገኛል። ልክ መነሻው ቁጥር! ማረጋገጫው ገጠመ፤ ልጁም የተሳሳተውን ደንብ ከበፊቱ ይልቅ አመነው። የተሳሳተ ደንብ ራሱን በራሱ መፍታት ከቻለ ተቃራኒ ስሌት አያጋልጠውም።

የሚያጋልጠው ግምት ነው። 3/4 ከግማሽ ይበልጣል፤ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፤ 5/9 ደግሞ ከ3/4 ያንሳል። ዳቦ ተጨምሮበት ዳቦ አይቀንስም። ትክክለኛው 15/20 + 8/20 = 23/20 ነው፤ ከአንድ በትንሹ ይበልጣል። ስለዚህ በክፍልፋይ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ፦ መጀመሪያ ግምት፣ ቀጥሎ ተቃራኒ ስሌት።

በመቶኛ ላይ ደግሞ ተቃራኒ የሚመስለው ተቃራኒ አይደለም። 800 ብር 15 በመቶ ሲቀነስለት 680 ይሆናል። ለማረጋገጥ 680 ላይ 15 በመቶ ቢጨመር 782 ይመጣል፤ ልጁም ትክክለኛ መልሱን ይሰርዛል። የ15 በመቶ ቅናሽ ተቃራኒ በ0.85 ማካፈል ነው፦ 680 ÷ 0.85 = 800። ይኸው ግራ መጋባት በቫት ላይ በየቀኑ ያጋጥማል። ቫት ጨምሮ 1,380 ብር የሆነ ዕቃ ያለ ቫት ስንት ነው? ከ1,380 ላይ 15 በመቶ የሚያነሣ 1,173 ይላል። 1,173 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 1,348.95 እንጂ 1,380 አይመጣም። ትክክለኛው 1,380 ÷ 1.15 = 1,200 ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት የባሕረ ሐሳብ (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ቀመር) ተማሪ የማረጋገጫን ወሰን ለማሳየት የሚሆን ጥሩ ምሳሌ በእጁ አለ። ለ2018 ዓ.ም 5,500 + 2,018 = 7,518 ዓመተ ዓለም፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል፤ 1 ሲነሣ ወንበሩ (በ19 ዓመቱ ዑደት የሚገኘው ቁጥር) 12። 12 × 11 = 132 በ30 ሲገደፍ (30 30 ተነሥቶ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው 12፤ 12 × 19 = 228 በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይመጣሉ፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ። ቆንጆ ማረጋገጫ ነው። ነገር ግን ተማሪው 1 ማንሣቱን ረስቶ በ13 ቢሠራ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል፤ ድምሩ አሁንም 30። ሁለቱም ከአንድ ወንበር ስለተነሡ የወንበሩን ስህተት አያዩም። የማካፈሉን ስህተት ለብቻው 19 × 395 + 13 = 7,518 ብሎ ማረጋገጥ፣ 1 መነሣቱን ደግሞ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በፈራኢድም (በእስልምና የውርስ አከፋፈል) እንዲሁ ነው። ሟቹ ሚስት፣ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ልጆች ትቶ፣ ሌላ ወራሽ ሳይኖር፣ 96,000 ብር ይከፈል ቢባል ሚስቲቱ 1/8፣ ማለትም 12,000 ታገኛለች። የቀረው 84,000 ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ በ7 እጅ ይከፈላል፤ አንዱ እጅ 12,000። 12,000 + 48,000 + 36,000 = 96,000፤ ገጠመ። ለሚስቲቱ በስህተት 1/4 ቢሰጣትና የቀረው 72,000 ለልጆቹ ቢከፈልም ድምሩ 96,000 መሆኑ አይቀርም። መልሶ መደመር ገንዘብ አለመጥፋቱን ያረጋግጣል፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ደንቡን ማየት ነው።

የቃል ጥያቄ ላይ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። 3 ኩንታል ጤፍ ለ12 ቤተሰብ እኩል ሲከፈል ለአንዱ ስንት ይደርሳል? 3 × 12 = 36 ብሎ፣ 36 ÷ 12 = 3 ብሎ ያረጋገጠ ልጅ ስሌቱ ፍጹም ነው። ግን 3 ኩንታል ተከፍሎ ለአንድ ቤት 36 ኩንታል አይደርስም። 300 ኪሎ ለ12፣ 25 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ልጁ ከኑሮው የሚያውቀው ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 80 ሰዓት ይፈጅበታል ያለ ልጅ፣ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ደሴ የገባ ዘመድ ካለው ስህተቱን ራሱ ያያል። ስለዚህ «ይሆናል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አስለምዱት።

ሁለት ስሌት ባለበት ጥያቄ ላይ የመፍታቱ ቅደም ተከተል ይገለበጣል፤ ግመል ላይ መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይወርዳል። አንድ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 6 ሲቀነስበት 21 ሆነ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? መጨረሻ የተቀነሰው 6 መጀመሪያ ይመለስ፤ 27፤ ከዚያ ለ3፣ 9። መጀመሪያ አካፍሎ 7፣ ከዚያ 6 ጨምሮ 13 ያለ ልጅ መልሱን ወደ ጥያቄው አስገብቶ ወደፊት ይሥራው፦ 13 × 3 − 6 = 33። 21 አይደለም።

ፈተና ላይ፣ ሰዓት ሲጠብ

ሁሉንም ጥያቄ በሁሉም መንገድ ማረጋገጥ አይቻልም። የምንመክረው ግምቱን ከመሥራት በፊት በጠርዙ ላይ በአንድ ቁጥር መጻፍ ነው፤ አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ ከሠሩ በኋላ ግን ግምቱ ወደ ተገኘው መልስ ያደላል። መቀነስና ማካፈል ሲሆኑ ተቃራኒ ስሌት ሳይሠሩ አይለፉ። ማባዛት ላይ የመጨረሻ አሃዙን ብቻ ማየትም ይረዳል፤ በ7 እና በ6 የሚያልቁ ቁጥሮች ብዜት በ2 ያልቃል፤ በ2 የማያልቀው ምርጫ ሁሉ ይወድቃል።

ምርጫ ያለው ፈተና ላይ ያገኙትን ቁጥር ከምርጫዎቹ መሐል ማየት ማረጋገጫ አይደለም። ጥያቄ አውጪዎች 2,325ን ሲጽፉ 3,675 እና 2,435ንም አጠገቡ ያስቀምጣሉ፤ የተለመዱትን ስህተቶች ያውቋቸዋል። በምትኩ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጥያቄው መልሶ ማስገባት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ከመሥራትም ይፈጥናል።

ቤት ውስጥ የወላጅ ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ፈጣን ነው፤ ግን ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ከማለት ያለፈ አይነግርም፤ 110 ተርፏልና አስር ቤትንና መቶ ቤትን እይ አይልም። ልጁ በራሱ መንገድ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይከፈት። ቁጥር ሲነካ ደግሞ ልብ ይበል፦ 2 + 3 × 4 ስልኩ ላይ 14 ሲሰጥ፣ በየሱቁ ያለው ትንሹ ካልኩሌተር እንደተነካው ቅደም ተከተል እየሠራ ብዙውን ጊዜ 20 ይላል። ትክክለኛው 14 ነው፤ ማባዛቱ ይቀድማል።